የርቀት ትምህርት፣ የቅርብ ጫካ

የርቀት ትምህርት ልመዘገብ ቦንጋ ወዳለው ማስተባበሪያ ቢሮ የገባሁ ዕለት መዝጋቢው መጀመሪያ ያየው ክራንቼን ነው፤ ፊቴን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። ልምሻ በልጅነቴ ግራ እግሬን ስላሰለለው እንዲህ ያለውን ሰው ከሩቅ አውቀዋለሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሽተኛ እንደሚያባብል ሆኖ ምን መማር እንደምፈልግ ጠየቀኝ። የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ አልኩት።

«እህቴ፣ እሱ እኮ ጫካ ለጫካ መዞር አለበት። አካውንቲንግ አይሻልሽም? ቁጭ ብለሽ የምትሠሪው ነው።»

ቁጭ ብሎ በመሥራትስ እሱን የሚያህል አላየሁም፤ ከጀርባው ያለውን ፋይል እንኳ ሌላ ሰው ጠርቶ ነው የሚያስወርደው። ይህን ግን ዋጥ አድርጌ «የተፈጥሮ ሀብት ብለህ ጻፍልኝ» አልኩት። ጻፈ፤ እያዘነልኝ።

ሞጁሉን ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ደንበኛ ሲጠፋ አነብ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ከመንገዱ ማዶ ደኑ ጭጋግ ለብሶ ቆሟል፤ ሞጁሉ ግን ስለ በረሃማነት ገጽ በገጽ ያብራራል። ጸሐፊው ካፋን በካርታ እንኳ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

የተግባር ትምህርት ሲደርስ አስተማሪያችን ለብቻዬ ጠራኝ። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። መድከም እንደሌለብኝ፣ ባልሄድም ነጥቡን እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። ለደግነቱ እንዳመሰግነው ጠበቀ። ምስጋናዬን ነፈግኩትና ሚኒባሱ ላይ ወጣሁ።

ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ደኑ ዳር ቆምን። መሬቱ ርሶ ነበር። አስተማሪው አልቅት ይኖራል ሲሉት ከአስፋልቱ አልወርድም አለና ጀርባውን ለጫካው ሰጥቶ ስለ ብዝኃ ሕይወት አስተማረን። ጓደኞቼ ፎቶ ተነሱ። የነገ የደን ባለሙያዎች እነዚህ ናቸው።

እኔ ገባሁ። ክራንቹ ጭቃ ውስጥ እየሰጠመ ሲያስቸግረኝ ቁልቁለቱን በቂጤ ተንሸራተትኩ። ታች ኮረሪማ ጥላው ውስጥ በቅሏል፤ ከላይ ጉሬዛ ቅርንጫፍ እያንቀጠቀጠ አለፈ። አንድ ትልቅ ዛፍ ግንዱ እስኪጠፋ ሌላ ዕፅዋት በቅሎበታል። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ጻፍኩ። ስወጣ አንዷ «ጀግና» እያለች ቀረጸችኝ። ስልኩን እንድታወርድ ነገርኳት።

ለአስተማሪው ያስገባሁት የጫካ ጽሑፍ ሲመለስልኝ ሙሉ ነጥብ ነበረው፤ ከሥሩ «አርአያ ነሽ» የሚል ተጽፎበታል። ሌላ ነገር የለም፤ አንድም እርማት አላደረገም። ከቀረጻው ይልቅ ያናደደኝ ይኼ ነው። አስተማሪው ቢሮ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«አላነበብከውም» አልኩት።

«ሙሉ ነጥብ ሰጥቼሽ?»

«የሰጠኸው ለእግሬ ነው። እኔ የጻፍኩት ስለ ዛፍ ነው።»

ፊቱ ቀላ። ወንበር ስቦ ሰጠኝና ማንበብ ጀመረ። ሲያነብ እሱን መናቄ ስላልለቀቀኝ በመስኮት ባጃጆቹን ስመለከት ቆየሁ። መሃል ላይ ቆም ብሎ እስክሪብቶ አነሳ።

«እዚህ ጋ ተሳስተሻል» አለኝ። ግንዱ ላይ የበቀለውን ሁሉ የዛፉን ምግብ እየመጠጠ የሚኖር ነው ብዬ ነበር። አብዛኛው እንደዚያ እንዳልሆነ፣ ውሃውን ከዝናብና ከጭጋግ እንደሚያገኝ፣ ዛፉን መቆሚያ ብቻ እንዳደረገው አስረዳኝ። ሲያስረዳ ድምፁ እንደ ሰው ድምፅ ነበር፤ ማባበል የለበትም። ትምህርቱን በእርግጥ ያውቀዋል። ማወቁ ደግሞ አስፋልት ላይ የዋለውን ውሎ የባሰ አሳፋሪ አደረገብኝ።

ሙሉ ነጥቡን ሰርዞ ዝቅ ያለ ጻፈልኝ። ከተመዘገብኩ ጀምሮ ያገኘሁት የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነበር። ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ፤ ያን ክፍል ማታውኑ እንደገና ጻፍኩት።