«ጓያም ቢሆን» ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ጾም መግደፌን ተናዝዣለሁ፣ ሰው ማማቴን ተናዝዣለሁ፣ በወጣትነቴ የሠራሁትን የሚያሳፍር ነገር ሁሉ አንገቴን ደፍቼ ዘርዝሬአለሁ። ጓያው ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። ሚስቴ አታውቅም፣ ልጆቼ አያውቁም። አሁን ግን ቆርጫለሁ። መጀመሪያ ለእናንተ ለማታውቁኝ እናገራለሁ፤ ከዚያ ሄጄ መናገር ላለብኝ ሰዎች እናገራለሁ። እስከ መጨረሻው ስሙኝ እንጂ አትዘኑልኝ።

ነገሩ የሆነው ከሚሌኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ከአዲስ አበባ ወረታ ተመድቤ የሄድኩ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። ወፍራም ነበርኩ። አንድ ሐኪም «ስኳር ሊጀምርህ ነው» ብሎ ቢያስደነግጠኝ እንጀራውንም ሩዙንም እርግፍ አድርጌ ተውኩና በወተት፣ በቅቤ፣ በእንቁላልና በሥጋ መኖር ጀመርኩ። ሱሪዬ ከወገቤ እስኪወርድ ከሳሁ። የከሳ ሰው ደግሞ ዝም ማለት አይችልም፤ ያገኘሁትን ሁሉ ስለ አመጋገብ ሳልመክር አላልፍም ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ፎቶ ኮፒ ላከልኝ። ሰው እንደ ደሙ ዓይነት ይብላ የሚል ነው። ኦ የሆነ ሥጋ ይብላ፣ ኤ የሆነ ቅጠላ ቅጠልና ጥራጥሬ ይብላ፣ ቢ የሆነ ወተት ይስማማዋል ይላል። ማን መረመረው? በማን ላይ ተሞከረ? ተማሪዎቼን «ማስረጃው የታለ?» እያልኩ የማፋጥጥ ሰው፣ ያንን ወረቀት አንድ ቀን እንኳ አላፋጠጥኩትም። ደስ አለኝ፣ አመንኩት፣ አለቀ።

ለተማሪዎች ማሳያ የተቀመጠ የደም ዓይነት መለያ ፈሳሽ ነበረን። እሱን ይዤ የሰው ጣት መውጋት ጀመርኩ። በእረፍት ሰዓት መምህራኑ ይሰለፉልኛል። ርእሰ መምህራችን ኦ ሆኖ ከተገኘ ወዲህ ሥጋ ቤት የሚገባው ሐኪም አዞት ይመስል ነበር። በዙሪያው ከብት ያለው የፎገራ ገበሬ ሁሉ ቢ መሆን ያምረዋል። «መምህር ደሙ» የሚል ስም ወጣልኝ። ለቀልድ ያወጡልኝን ስም እኔ እንደ ማዕረግ ያዝኩት።

ወተት የሚመጣልኝ ከእማማ ይርገዱ ቤት ነበር። ከገጠሩ ከቁሐር ሚካኤል፣ ከልጃቸው ሚስት ከማንጠግቦሽ ጋር፣ ወተትና ቅቤ ይዘው ወረታ ይመጣሉ። በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። «ላሜን ብቻህን ጨረስሃት እኮ፤ ጥጃዋ ትታዘብሃለች» እያሉ ይቀልዱብኛል። አንድ ቀን ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። ጤና ጣቢያ ሄደው ስኳር አለብዎት ተብለዋል። እንጀራውንም ሩዙንም ቀንሰው በልክ ይብሉ ብለዋቸዋል። ሁዳዴ ደግሞ ሊገባ ነው።

«በል እንግዲህ የተማርህ ንገረኝ» አሉ። «እህሉን ሐኪም ከለከለኝ፤ ወተቱንና ቅቤውን ጾሙ ይከለክለኛል። ታዲያ ምን ልብላ? አፈር?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ትክክለኛው መልስ ደግሞ «እማማ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ተመልሰው እዚያው ይጠይቁ» የሚል ነበር። ይህን ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? እኔ ግን ጣታቸውን ያዝኩና ወጋሁ። ኤ ሆኑ። ወረቀቴ እውነት ሆኖ የወጣ መሰለኝ። «እማማ፣ የእርስዎ ደም የጾም ደም ነው» አልኳቸው። «ሥጋም ቅቤም አይፈልግም። ጤፉንም ሩዙንም ጨርሰው ይተዉ። ጎመን ይብሉ፣ ተልባ ይጠጡ፣ ሆድዎን ግን በጥራጥሬ ይሙሉ።» ፊታቸው በራ። ከሃይማኖታቸውም ከሐኪማቸውም ሳይጣሉ የሚኖሩበትን መንገድ ያገኙ መሰላቸው።

«ሽምብራና ምስሩን ከገበያ ነው የምንሸምት» አሉ ትንሽ አሰብ አድርገው። «እቤት የሞላው ጓያ ነው። ጓያስ?»

እማማ ይርገዱ የጓያን ነገር አያውቁም ነበር? ያውቁ ነበር እንጂ። ሩዙ ታጭዶ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ ጓያ በሚዘራበት አገር ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። ሽሮ ውስጥ ቀላቀል ተደርጎ ካልሆነ ጓያ ብቻውን ዘወትር እንደማይበላ እዚያ አገር ሕፃን ያውቀዋል። ስለሚያውቁ ነው የጠየቁኝ። እኔ ከእሳቸው የበለጠ የማውቅ መስሏቸው ነው የጠየቁኝ። እኔ ጓያን የማውቀው ሽሮ ሆኖ ብቻ ነበር፤ ፍሬውን ከሽምብራ ለይተህ አምጣ ብባል ግራ ይገባኝ ነበር። «አላውቅም» ማለት አቃተኝ። ምራታቸው ቆማ እያየችኝ፣ መምህር ደሙ ተብዬ፣ አላውቅም ማለት አቃተኝ።

«ጓያም ቢሆን ጥራጥሬ ነው» አልኩ።

ማንጠግቦሽ የወተቱን ዕቃ እንደያዘች «ጓያ እኮ እግር ይሰብራል መምህር» አለች፣ ቀስ ብላ። ሳቅኩባት። «ይሄ የድሮ ሰው ወሬ ነው፤ እግር የሚሰብረው ድንጋይ ነው» አልኳት። እማማም አብረውኝ ሳቁ። እሷ አንገቷን ደፍታ ወተቴን ቀዳችልኝ። ዛሬ ድረስ ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረኝ ያ ሳቄ ነው።

ሁዳዴን ሙሉ የጓያ ንፍሮና የጓያ ቂጣ በሉ። ስኳራቸው ወረደ። መጥተው ሲነግሩኝ ደረቴ ተነፋ፤ ክፍል ውስጥ ሳይቀር ለተማሪዎቼ ምሳሌ አደረግኳቸው። ከፋሲካ በኋላ «እንዲያው ልተወው?» ቢሉኝ «የያዙትን አይልቀቁ» አልኩ። ሰኔ ላይ ሜዳው ላይ ውሃ መተኛት ሲጀምር እማማ ገበያ ቀሩ። ማንጠግቦሽ ብቻዋን መጣች። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል አለችኝ፣ ሌላ ነገር ሳትጨምር። ሄጄ ልያቸው አልኩ? አላልኩም። ውሃውና ጭቃው አያሳልፍም ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

እግራቸው እየተሳሰረ፣ ተረከዛቸው መሬት መንካት እምቢ ብሎ፣ በሁለት ምርኩዝ ቀሩ። ሐኪም ቤት ሲወሰዱ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጓያ በልተዋል?» የሚል ነበር። አገሩ ሁሉ ሰማ። ወሬው ግን እኔ ጋ አልመጣም፤ ማንጠግቦሽ ላይ ዞረ። የሽምብራ መግዣውን ገንዘብ እየደበቀች አማቷን ጓያ ስታበላ ከረመች ተባለ። እሷ «መምህሩ ነው ያዘዘ» ትላለች። ባሏ ፈንታሁን ምን ማድረግ እንዳለበት ጨነቀውና ሽማግሌ ሰበሰበ። እኔም ተጠራሁ።

ቁሐር ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ዛፍ ሥር ነበር። እማማን በቃሬዛ አምጥተው አስቀምጠዋቸዋል። ማንጠግቦሽ ቆማ የነበረውን እንደነበረው ተናገረች፤ አልጨመረችም፤ የቀነሰችው ሳቄን ብቻ ነው፣ እሱንም በደግነት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞረው «እንግዲህ መምህር፣ እርስዎስ?» አሉ።

«እኔ ጥራጥሬ አልኩ እንጂ ጓያ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም» አልኩ።

ፈርቼ ነው ልበላችሁ? ፈንታሁን ጠመንጃ ነበረው፤ የእናቱ እግር ነው የተሰበረው፤ እኔ አገር የሌለኝ እንግዳ ነበርኩ ልበላችሁ? አልልም። ያን ዕለት ጠመንጃውን አልያዘም። በአክብሮት ተነሥቶ የራሱን ቦታ ነበር የለቀቀልኝ። እኔ የፈራሁት ጥይት አይደለም። ስሜን ነው የፈራሁት። በማግስቱ ወረታ ውስጥ ሲሳቅብኝ ታየኝ። ለዚያ ስል፣ አንዲት ሴት የተናገረችውን እውነት በሽማግሌ ፊት ሐሰት አደረግኩባት።

ሽማግሌዎቹ እማማን ጠየቁ። ቀና ብለው አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ይቆም ነበር። እሳቸውም እንድከፍተው የጠበቁኝ ይመስለኛል። አልከፈትኩም።

«እኔ ነኝ የሳትሁት መሰል» አሉ በመጨረሻ። «የተማረ ሰው በሽማግሌ ፊት እንዴት ይዋሻል?»

ሁለት ጊዜ አመኑኝ። በመጀመሪያው እግራቸውን አጡ፤ በሁለተኛው ደግሞ እንደ ልጅ የምትጦራቸውን ምራታቸውን አጡ። ማንጠግቦሽ አማቷን ሰብራ በእንግዳ ላይ ያላከከች ተብላ ልብሷን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። አላለቀሰችም። በአጠገቤ ስታልፍ ዓይኗን እንኳ ወደ እኔ አላነሣችም። በቀጣዩ ዓመት ዝውውር ጠይቄ አዲስ አበባ ገባሁ። ሥራው ከበደኝ ነበር ያልኩት። ከዚያ ወዲህ የማንንም ጣት አልወጋሁም፤ ግን ይህ ለማን ይጠቅማል?

ባለፈው ዓመት ጎንደር ስሄድ አውቶቡሳችን ወረታ መገንጠያው ላይ ቆመ። ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። አንዷ ቀና ብላ አየችኝና ጠጋ አለች። ጠጉሯ ሸብቷል፤ ዓይኗ ግን ያው ነው።

«እርስዎ መምህር ደሙ አይደሉ?» አለችኝ።

ነኝ አልኳት። እማማን ጠየቅኳት። «አርፈዋል። እግራቸውም እንደተሳሰረ አረፉ» አለች። ፈንታሁን ሌላ አግብቶ ወልዷል። እሷ አላገባችም። አማቷን የሰበረች እየተባለች ማን ያግባት? ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ተቆጥታ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል አንድ እፍኝ ቆሎ በወረቀት ጠቅልላ በመስኮቱ አቀበለችኝ።

«ይብሉ መምህር፤ ሽምብራ ነው። ጓያ የለበትም» አለችኝ።

እስከ ጎንደር ድረስ እፍኜ ውስጥ ነበር። መብላትም መጣልም አልቻልኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አእምሮዬ ሰበብ ሲያመጣልኝ ከርሟል። አሁን ብናገር ምን ይጠቅማታል? ትዳሯ አይመለስም፣ እማማ አይነሡም፣ የቀበሩትን ለምን ታወጣለህ ይለኛል። ይህም ያው የድሮው እኔ ነው። የሚጠቅማትንና የማይጠቅማትን መመዘን የእኔ ሥራ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ለሰው ምን እንደሚበጅ መዝኜ አይቼዋለሁ። የምትመዝነው እሷ ናት። እኔ የሐሰት ስም ለጥፌባታለሁ፤ ሌላው ቢቀር ያን ስም ከላይዋ ማንሣት የሚችል በሕይወት ያለ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ቁሐር ሚካኤል እገኛለሁ። ፈንታሁን እንደሚኖር አረጋግጫለሁ፤ ከሽማግሌዎቹም በሕይወት ያሉት ይመጣሉ። ማንጠግቦሽ ዘንድም መልእክት ልኬአለሁ፤ መምጣት ካልፈለገች አትምጣ፤ ወሬው ይደርሳታል። ምሕረት ልለምን አይደለም የምሄደው። እናንተንም ማሩኝ አልላችሁም፤ የተሳሰረው እግር የእናንተ አይደለም፣ የፈረሰው ትዳር የእናንተ አይደለም። ቅዳሴ ሲያበቃ፣ ያ ዛፍ ካለ ከሥሩ፣ ከሌለም በነበረበት ቦታ እቆማለሁ። ስኳሬን፣ ወረቀቱን፣ ወጣትነቴን አላነሣም። ከአፌ አልወጣም ያልኩትን ቃል ብቻ አወጣዋለሁ። «ጓያም ቢሆን» ያልኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ማንጠግቦሽ አልዋሸችም እላለሁ። ከዚያ የሚሉኝን ሁሉ ቆሜ እሰማለሁ።