ልብስ ሰፊዋ የጠፋች ዕለት

ሃያ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው፣ ጸጉሩ ገብስማ ከሆነ በኋላ ደብተር ይዞ ዩኒቨርሲቲ ሲመላለስ ሰፈርተኛው መሳቁ አልቀረም። ሚስቱም «ሰው ልጁን በሚድርበት ዕድሜ አንተ ፈተና ትፈራለህ!» ትለዋለች፤ እንዲህ እያለችም ሸሚዙን ትተኩስለታለች። መምህሩ ግን የአእምሮ ጤናና ማኅበራዊ አገልግሎት ሁለተኛ ዲግሪውን ሙጥኝ ብሏል። የተማሪ የስሌት ስሕተት በአንድ እይታ ያገኛል፤ ጥግ ይዞ የሚተክዘውን ልጅ ግን ምን ብሎ እንደሚያናግረው ግራ ሲገባው ኖሯል።

ለተግባር ልምምድ በተመደበበት ጤና ጣቢያ አንዲት ልብስ ሰፊ ትመጣ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር፣ እህል አልወርድ ብሏታል። አንድ ጠዋት ዓይኗን ከመሬት አልነቅል ስትል፣ መምህሩ እንደተማረው ሳያድበሰብስ ጠየቃት።

«ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?»

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እስከ ውጭው በር ቢከተላትም አልቆመችለትም።

መምህሩ ልምምዱን ወደምትከታተለው ዶክተር ሮጠ፤ በዕድሜ ታናሹ ናት። «ያላሰበችውን አሳስቤያት ቢሆንስ?»

«ጋሼ፣ መጠየቅ ሰው አይገድልም» አለችው ስልክ እየደወለች። «እኔን የሚያስፈራኝ ዝም መባሉ ነው።» የልብስ ሰፊዋ ስልክ ግን ዝግ ነበር።

ተያይዘው ሱቋ ሄዱ። ተቆልፏል። የሴትዮዋን ገመና ላለማውጣት መምህሩ ኮቱን አውልቆ፣ እንደ ደንበኛ ሆኖ ጎረቤቷን ጫማ ሻጭ ጠየቀ። ሰውየው ኮቱን ገልብጦ አየና «ይሄስ ከሚጠገን ቢቀበር ይሻለዋል» አለ። ቃሉ መምህሩን ክው አደረገው። «ለማንኛውም እኅቷ ዘንድ ሄዳለች፤ ከፋርማሲው ጀርባ።»

በሩን የከፈተችው ራሷ ልብስ ሰፊዋ ነበረች፤ ዓይኗ አብጦ፣ እጇ ሳሙና በሳሙና ሆኖ።

«ጋሼ፣ ጥዬዎት በመሄዴ ይቅርታ» አለች። «እንባዬ ቀደመኝ። አስቤ ነበር፣ አዎ። ግን ሁሉም ‹በርቺ› ይለኛል እንጂ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ከእርስዎ ወጥቼ በቀጥታ ለእኅቴ ነገርኳት። ስልኬ መዘጋቱንም አላየሁ።»

«ከእንግዲህ ብቻዋን አታድርም!» አለች እኅቷ ከጓዳ።

ዶክተሯ ገብታ ከሁለቱም ጋር በሰፊው ተነጋገረች። ቤቷ ያሉት መድኃኒቶች በእኅቷ እጅ እንዲቀመጡና በማግሥቱ ጤና ጣቢያው መጥታ የአእምሮ ሐኪም እንድታይ ተስማሙ።

«እርስዎም ይገኛሉ አይደል?» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

«እገኛለሁ እንጂ» አለ መምህሩ።

ከግቢው ሲወጣ አጥር ተደግፎ እፎይ አለ፤ ሳቁም መጣ። ቤቱ ደርሶ፣ ሚስቱ «ምን ሆነሃል?» ብላ ሳትጨርስ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ጣለው።

ልብስ ሰፊዋ በማግሥቱ ከእኅቷ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዛ መጣች። ሐዘኗ ገና ነው፤ ግን ቀጠሮ ሳታጓድል ትመላለሳለች፤ ሱቋንም ከፍታለች።