ለኢኮኖሜትሪክስ መምህር የተላከ ሽማግሌ

በቀደም ቅዳሜ ጠዋት ወልድያ ውስጥ አንድ ግቢ በር ላይ ሁለት ሽማግሌ ይዤ ቆሜ ነበር... ለጋብቻ እንዳይመስላችሁ። ለኢኮኖሜትሪክስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ፣ የክፍላችንም ተወካይ። ይሄ ኢኮኖሚን በሂሳብ የሚለካ ኮርስ ከተጀመረ ጀምሮ የመምህራችንን ጀርባ እንጂ ፊቱን በደንብ አናውቀውም። ይገባል፣ ወደ ሰሌዳው ይዞራል፣ ከዳር እስከ ዳር ቀመር ይሞላዋል፣ ገልብጠን ሳንጨርስ ያጠፋዋል። መሃል ላይ ሳይዞር «ገባችሁ?» ይላል፣ ይቀጥላል። ሚድ ስንፈተን ክፍሉ እንዳለ ወደቀ። እኔም ጭምር... በሂሳብ የትውልድ ከተማዬን መርሳን ያስጠራሁት እኔ!

ፋይናሉ ደግሞ እየደረሰ ነው። ይሄን ኮርስ የወደቀ ቀጣዩን መውሰድ አይችልም፣ ምረቃውም በዚያው ይርቃል።

ከላይብረሪው ጀርባ ተሰብስበን ተከራከርን። ግማሹ ሰውዬው ሊቅ ነው፣ ጥፋቱ የኛ ጭንቅላት ነው አለ። ግማሹ ሊቅነቱ ለራሱ ነው፣ ያላስተማረንን ፈተነን አለ። ሰይድ የሚባል የክፍላችን ልጅ ኮርሱ ራሱ ለሰው ልጅ የተፈጠረ አይደለም ብሎ ደመደመ። ለዲፓርትመንቱ እንክሰስ የሚል ሐሳብ ሲመጣ ግን ሁሉም አቀረቀረ። ቂም ቢይዝብንስ?

እኔ መርሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ የድንበርም የደምም ጠብ በሽማግሌ ሲያልቅ እያየሁ ነው ያደግሁት። አንድ ኮርስ ከዚያ አይብስም። ሽማግሌ እንላክ አልኩ። ሳቁብኝ። እዚያው ቆሜ መርሳ አጎቴ ጋ ደወልኩ።

የመጡት አጎቴ ሸህ ሙሄና ጓደኛቸው ጋሽ ተገኘ ናቸው። አንዱ ከመስጊድ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን፣ ያካባቢው ሰው ሲጣላ የሚጠራው እነሱን ነው።

አንድ ያላሰብኩት ነገር ነበር። መምህሩ ወንደላጤ ነው፣ እኔ ደግሞ ሴት ነኝ። በሩን የከፈቱት አከራይዋ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ... ሆዴን አዩ። «ወይ ጉድ» እያሉ ወደ ውስጥ ገቡ። መምህሩ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ፊት ለፊት በቅርብ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ለካ መልከ መልካም ነው።

ወንበር ወጣ፣ ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። አጎቴ ስለ ትምህርት እንደመጣን ሲናገሩ የመምህሩ ትንፋሽ ተመለሰ፤ ወዲያው ግን ኮስተር አለ። «አባቴ፣ ማርክ ጨምር ሊሉኝ ከሆነ የመጡት አይሆንልኝም።»

«ማርክ አልጠየቅንህም ልጄ» አሉ አጎቴ። «የልጆቹን ሰምተናል፣ ያንተን ልንሰማ ነው። በፊት ግን ሁለታችሁም የምንላችሁን ልትቀበሉ ቃል ስጡን።»

የሽምግልና ደንብ ይሄው ነው፤ ፍርዱን ሳትሰማ ትስማማለህ። እኔን ማን ቀድሞኝ! እውነት ከኔ ጋር ናት፣ አጎቴም አጎቴ ናቸው። እሺ አልኩ። መምህሩም ትንሽ አሰበና እሺ አለ። የዚሁ የወልድያ ዙሪያ የጉባላፍቶ ልጅ ነው፣ ሽማግሌ እምቢ ማለት አይሆንለትም።

ከዚያ የራሱን ተናገረ። ማስተማር ከጀመረ ገና የመጀመሪያ ዓመቱ እንደሆነ፣ ያን ሁሉ ዓይን ሲያይ የሚያውቀው እንደሚጠፋበት፣ ለዚህ ብሎ ወደ ሰሌዳው እንደሚሸሽ ነገራቸው። አንጀቴን በላው። ቀጠለና...

«ግን በየመሃሉ ገባችሁ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ሁልጊዜ አዎ ይሉኛል። ካላመናችሁ እሷን ጠይቁ፣ ከሁሉም ቀድሞ የሚሰማኝ የሷ አዎታ ነው።»

ሁለቱም ሽማግሌዎች ወደ እኔ ዞሩ።

«እውነት ነው ሀዋ?» አሉ አጎቴ።

«አዎ» አልኩ። ወላሂ እውነት ነው። ተወካይ ሆኜ አልገባኝም እንዴት ልበል? በዚያ ላይ ከኔ በቀር ሁሉም የገባው ይመስለኝ ነበር። ለካ ሌላውም የኔን አዎ እየሰማ ነው አብሮ አዎ የሚለው። አፈርኩ፣ የእውነት አፈርኩ።

ጋሽ ተገኘ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉና ፍርዱን ተናገሩ። መምህሩ ፊቱን ወደ ልጆቹ ያዙር፣ ያለፈውንም ይከልስላቸው። እኔ ደግሞ እስከ ፋይናል ድረስ «ገባችሁ?» በተባለ ቁጥር ሰው ሁሉ ፊት እጄን አውጥቼ አልገባኝም ልበል። አጎቴን በዓይኔ ብለምናቸው ሰማይ ሰማይ አዩ። ከዚያ ተቀመጡ፣ መረቁን፣ አከራይዋም ነገሩ ገብቷቸው እየሳቁ ሻይ አቀረቡ።

ሰኞ ክፍል ገባ። ጻፈ፣ ጻፈ... ዞረ። ግንባሩን አልቦታል። «ገባችሁ?» ሲል ክፍሉ እንደ ልማዱ ሊመልስ አፉን ከፈተ። እጄን አወጣሁ።

«አልገባኝም።»

የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከመጀመሪያው አልኩት። ከኋላ ሰይድ «እኔም» አለ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ግማሹ ክፍል። መምህሩ ሰሌዳውን ጠረገና ቀመሩን ትቶ ሀብሩ ውስጥ ካለችው ከግራና ከተማ ገበያ ጀመረ። ዝናብ ሲቀር የጤፍ ዋጋ በምን ያህል እንደሚወጣ እንዴት እናውቃለን ብሎ እኛኑ ጠየቀን። የገበሬ ልጅ ሁሉ እጁን አወጣ፣ እሱም ዓይናችንን መፍራቱን ረሳው። የዚያን ቀን ሪግሬሽን የሚባለው ነገር ገባኝ። አልዋሽም፣ ጥርት ብሎ ገባኝ።

ፋይናሉን አልፈዋለሁ፣ እሱን ተዉት። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው... ለሽማግሌ የሰጠሁትን ቃል ለመጠበቅ በየክፍለ ጊዜው የማይገባኝ ነገር ከየት ላምጣ?