ሁለተኛው ቁልፍ ሸነን ነው

ልጅ ሳለሁ ተረት የሚጀመረው ክራቫት ሲፈታ ነበር። አባዬ ከባንክ ሲመለስ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ኮቱን ይሰቅላል፣ ክራቫቱን ግን አይነካም። እራት ተበልቶ እማዬ የከሰል ምድጃውን በረንዳ ላይ አውጥታ የበቆሎ እሸት ስትደረድርበት፣ ያኔ ነው ጣቱን ቋጠሮው ውስጥ ከትቶ ሳብ የሚያደርገው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ናቲ ዱካችንን እየጎተትን እንጠጋለን። አምቦ ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋባት ነበር፤ ፋኖሱ ጥግ ላይ ይጨሳል፣ ፍሙ ይፈነጥቃል፣ ከታች ሁሉቃ ወንዝ ሞልቶ ይጮኻል።

*

አባዬ ተረት አይጨርስም።

«አህያ ልትዳር ሆነ። አገሩን ሁሉ ጠራች፤ ጅብንም ጠራችው። ጅብ ነጠላውን አጣፍቶ መጣ። ድንኳኑ በር ላይ ደርሶ ጎንበስ ሲል…»

ዝም።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እናንተ ጨርሱት። የባንክ ካዝና ሁለት ቁልፍ ነው ያለው። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ወይዘሮ ጫልቱ ጋ። ብቻውን የሚከፍት የለም። ተረትም እንደዚያው ነው።»

የናቲ ጅብ ሁልጊዜ ሙሽራዋን ይበላል፤ ሙሽራውን፣ ሚዜዎቹን፣ በመጨረሻም ድንኳኑን። የእኔ ጅብ ሸንኮራ ተሸክሞ ለስጦታ ያመጣል። ሁለታችንም ሲያልቅብን አባዬ ሦስተኛ መጨረሻ ነበረው፤ ጅቡ ሲጨፍር እግሩ ይሰበርና አህያዋ የሙሽራ ልብሷን እንደለበሰች አዝላው ቤቱ ታደርሰዋለች።

«እንዴት አህያ ጅብ ታዝላለች?» ናቲ ይናደዳል።

«እኔ እንጃ። ይሄን የጨረሰው ሸነን ከተማ ያለ ሰው ነው።»

«ኦቦ ካዝና!» ትላለች እማዬ፤ «በቆሎህ አረረ!»

*

ኦቦ ካዝና ያለችው በከንቱ አይደለም። አንድ ዝናባማ እሑድ የጎረቤት ሠርግ ተጠርተን ወይዘሮ ጫልቱ በባጃጅ በራችን ላይ ቆመችልን። ቦታ ነበር። አባዬ ጃንጥላውን ዘርግቶ ፍንክች አላለም።

«ሁለት ቁልፍ ያዥ በአንድ መኪና አይሳፈርም።»

«ዛሬ እኮ እሑድ ነው፣ ሰውዬ! ባጃጅ ደግሞ መኪና ነው እንዴ?»

«ደንብ ደንብ ነው።»

«ያንተን ቁልፍ ጅብ ይብላው!» አለችና እማዬን አሳፍራ ሄደች። እማዬ በላስቲኩ መጋረጃ በኩል እጇን አውለበለበችልን። እኛ ሌላ ባጃጅ እስኪመጣ ከአባዬ ጋር ቆመን ጭቃ ለበስን፤ የሱ ጫማ ግን ጭቃ ለብሶ እንኳን ያበራ ነበር። ወታደር ሳለ የተማረው ነው ይባላል። እሑድ እሑድ ማታ የቤቱን ጫማ በሙሉ፣ የእማዬን ባለ ተረከዝ ሳይቀር፣ ደረጃው ላይ አሰልፎ ራሱ ይቦርሽ ነበር።

*

ከዚያ ያ ሰሞን መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከአስፋልቱ በኩል የተኩስ ድምፅ ሲሰማ እማዬ ፍራሻችንን ከመስኮቱ አራቀች። ባንኩም ስላልተከፈተ አባዬ ቤት ዋለ። ሲመሽ ግን ወደ ጓዳ ገባ፣ ክራቫት አስሮ ወጣ፣ መሃላችን ተቀመጠ፣ ፈታው።

«ሁለት ወታደሮች ነበሩ። ጦሩ ተበትኖ ሰው ሁሉ በእግሩ ወደ አገሩ ይጓዛል። አንደኛው ታፋውን ተመቷል። ደረቅ ወንዝ ዳር ሲደርሱ ቁስለኛው ቁጭ አለና ‹እኔን ተወኝ፣ አንተ ሂድ› አለ። ሌላኛው ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ…»

ዝም።

«ተወው?» አለ ናቲ።

እኔ የአባዬን እግሮች አየሁ። ቁምጣ ለብሶ ስንቴ አይቼዋለሁ፤ ጠባሳ የለውም። እንግዲህ እሱ ሌላኛው ነው። ‹ሂድ› የተባለው። ደግሞም ሄዷል፤ ይኸው እዚህ አምቦ፣ መሃላችን ተቀምጧል። ይህን ተረት መጨረስ ፈራሁ።

«ሁለተኛው ቁልፍ ሸነን ነው» አለ አባዬ።

«እንሂዳ ሸነን! ወይ እሱ ይምጣ!» አለ ናቲ።

«ቁልፍ ያዥ ከቁልፍ ያዥ ጋር አይሳፈርም።»

ያን ምሽት በዚህ ስንጨቃጨቅ አስፋልቱን ማዳመጥ ረሳን።

*

ዓመታት ሄዱ። አባዬ በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ብቻውን ሸነን ደርሶ ይመለሳል፤ ለምን እንደሆነ አይነግረንም። እኔ አዲስ አበባ ገባሁ። መጠየቅ የምችልበት ዕድሜ ላይ ደርሼ ነበር፤ መልሱን ነው የፈራሁት። ከዚያ ልቡ ደከመ፣ ስልክ ተደወለልኝ፣ ስደርስ ድንኳን ተተክሏል።

እማዬ ከቀብሩ ወዲህ አልተናገረችም። ጎረቤት ሲያጎርሳት አፏን ትዘጋለች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ ከባጃጅ ወረዱ። አንድ እግራቸው አይታጠፍም። ናቲ ወንበር አቀረበላቸው፤ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። ከዚያ አዩኝ።

«ሀና አንቺ ነሽ። ጅብሽ ሸንኮራ ይዞ የሚመጣው። ይሄ ደግሞ ድንኳን የሚያስበላው።»

ወንበሬን አስጠጋሁ። «ከሸነን ነዎት?»

«ደበላ እባላለሁ። ከሸነን።»

«ኦቦ ደበላ…» አልኩ፤ «ተወዎት?»

«ምን ይተወኛል! ሰደበኝ እንጂ። ‹ቁስለኛ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ትእዛዝ የሚሰጠው?› ብሎ እንደ ኬሻ ጀርባው ላይ ጫነኝ። ደም ፈሶኛል። ካሸለብኩ እንደማልነቃ ገብቶታል። ተረት ጀመረልኝ። አህያ ልትዳር ነው፣ ጅብ ተጠርቷል፤ መሃል ላይ ያቆምና ‹ጨርሰው!› ይለኛል። ጆሮዬን እየጎተተ፣ ‹ጨርሰው!› ያ ዋቃ፣ አምላኬ! የኔ አማርኛ ያኔ ስብርብር ያለ ነው፤ በኦሮምኛ እጨርሳለሁ። አንድ ቃል ሳይገባው ‹ጥሩ ነው፣ ቀጥል› ይለኛል! ጅቡ እግሩን ተሰብሮ አህያዋ እንዳዘለችው የገባው ቋንቋውን ሲለምድ ነው፤ እሱንም እኔው ነኝ ያስተማርኩት፣ ጀርባው ላይ ሆኜ።»

«እንግዲያ አህያዋ…» አለ ናቲ፤ አልጨረሰውም።

«አዎ፣ አህያዋ አባትህ ነው።»

ለቀስተኞቹ ደነገጡ። ሟች በድንኳኑ አህያ ሲባል ማን ሰምቶ ያውቃል?

«በየዓመቱ ‹ንገራቸው እንጂ› እለዋለሁ። ‹ስለ ራሴ እንዴት እናገራለሁ? አንተ ጨርሰው› ይለኛል።»

ያኔ ከጥግ ድምፅ መጣ። የሻከረ፣ ቀናት ያልሠራ ድምፅ። እማዬ ነበረች።

«ለካስ!» አለች። «ሊያጨኝ ሲመጣ አባቴ ፊት የሚያውቀው ኦሮምኛ ‹ውሃ ስጠኝ›፣ ‹አመመኝ›፣ ‹ቀስ በል› ብቻ ነበር! አባቴ ‹ይሄ ልጅ በሽተኛ ነው፣ ልጄን አልሰጥም› ብሎ ነበር እኮ!»

ኦቦ ደበላ ሳቃቸውን ሊውጡ ሞክረው አቃታቸው። ድንኳኑ ሳቀ። እማዬ እየሳቀች አለቀሰች፣ እያለቀሰች ጎረሰች።

*

ያ ሁሉ ተረት ምን አስቀረልኝ? ጅቡ አይደለም፤ የካዝናውም ቁልፍ አይደለም፤ እሱን ለሌላ ሰው አስረክቦታል። እኔ ጋ የቀረው መሃል ላይ ያለው ዝምታ ነው። ያኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ያ ዝምታ ጀርባው ላይ ያለውን ሰው ‹አለህ?› ብሎ መጠየቅ እንደነበር አውቃለሁ።

የምኖርበት ፎቅ ላይ ከሰል አይነድም፣ ወንዝም አይሰማም። ሲመሽ እማዬ ጋ እደውላለሁ። «አህያ ልትዳር ሆነ» እላታለሁ። «ጅብ ነጠላውን አጣፍቶ መጣ። በሩ ላይ ደርሶ ጎንበስ ሲል…»

ዝም እላለሁ። ትንፋሿ ይሰማኛል። እጠብቃለሁ።

«ከዚያማ» ትላለች።