አምስተኛው ጠርሙስ

ፊደል የቆጠርሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው። ከዚያ ማታ ማታ እየተማርሁ ስምንተኛን እንደጨረስሁ፣ ደሴ ውስጥ ጤና ረዳቶች የሚሠለጥኑበት ቤት የናሙና ክፍል ጠባቂ ሆኜ ተቀጠርሁ። በክፍሉ አፈ ሰፊ ጠርሙሶች አሥር ሆነው በተርታ ተቀምጠዋል። በየጠርሙሱ፣ ፎርማሊን ውስጥ፣ ጊዜያቸው ሳይደርስ የወረዱ ፅንሶች አሉ፤ ባቄላ ከሚያህለው ጀምሮ ጥፍር እስካወጣው ድረስ። ሥራዬ ፎርማሊኑ ሲጎድል መሙላት፣ ርዝመታቸውን ከአናት እስከ መቀመጫ ለክቶ መመዝገብ ነበር። መምህሩ የለኩትን ደግሜ እለካለሁ።

"አንቺ እኮ እኔንም ትፈትኚኛለሽ" ይሉኝ ነበር።

ወታደር የጫኑ መኪኖች በበራችን ወደ ሰሜን ሲያልፉ መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል፤ ጠርሙሶቹም ያቃጭላሉ። ውሎ አድሮ እያንዳንዱን በድምፁ ለየሁት። የአምስተኛው ቀጭን ነው፤ ክዳኑ ስንጥቅ ነበረው። መኪኖቹ ካለፉ በኋላ ውስጡ ያለችው ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ትገኛለች። ጠርሙሱን አዙሬ እመልሳታለሁ። በማግስቱም ያው ነው።

አንድ ረፋድ አንዲት አሮጊት ከሐርቡ መጡ። ልጃቸውን ሆስፒታል ሳለች ፅንሱ እንደወረዳት፣ "ለትምህርት ነው" ብለው እንደወሰዱባት ነገሩኝ።

"ሳይቀበር ቀረ እያለች እንቅልፍ አጥታለች። ሸኹን ጠየቅሁ። አራት ወር ካለፈው ነፍስ ገብቶበታል፤ ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል፣ ስምም ይወጣለታል አሉኝ። ካላለፈው በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቅበሩት አሉ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አራት ወሩ ሞልቶ ነበር?"

"መቼ ነው የወረዳት?"

"መውሊድ ባለፈ በሳምንቱ።"

መዝገቡን ገለጥሁ። በዚያ ሰሞን የገባ አንድ ብቻ ነው፤ አምስተኛው። የተለጠፈበት ወረቀት "አሥራ ስምንት ሳምንት" ይላል። መቶ ሃያ ስድስት ቀን። "አዎ፣ ሞልቷል" ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። መምህሩ የሚቆጥሩት ከመጨረሻው የወር አበባ ጀምሮ ነው፤ ፅንሱ የሚያዘው ግን ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ያ ሲቀነስ መቶ አሥራ ሁለት። ለአራት ወር ስምንት ቀን ይጎድላል። አውጥቼ እንደገና ለካኋት። ከርዝመት የሚገመት ዕድሜ ደግሞ የአሥር ቀን ያህል ወዲህና ወዲያ ይላል።

"እናቴ፣ አላውቅም" አልኋቸው። "ትሙላ አትሙላ መለየት አልቻልሁም።"

"ይኸ ሁሉ መጽሐፍ እያለሽ?"

"ይኸ ሁሉ እያለኝ።"

ጠጋ ብለው አዩዋት። "ሴት ናት?"

"ሴት ናት።"

"እንግዲያ እናጥባታለን። ሰግደንባት ብንሳሳት ይሻላል። የቀረውን አላህ ያውቃል።"

መምህሩ ማስተማር ላይ ነበሩ፤ አላስፈቀድኋቸውም። ፎርማሊኑ እስኪለቅ በውሃ አለቅልቄ በነጠላቸው ጠቀለልሁላቸው።

"ኮምቦልቻ ኬላ ላይ ቢፈትሹዎትስ?"

"የልጅ ልጄ ናት እላለኋ። ምን ውሸት አለበት?"

ከሰዓት በኋላ መምህሩ ገቡና ባዶው ቦታ ላይ ዓይናቸው ቀረ።

"አምስተኛው የት ገባ?"

"ለአያቷ ሰጠሁ።"

"እንዲህ ያለ ደግመን አናገኝም፤ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። ወረቀቱም ጎዶሎ ነበር። ከየት ጀምረው እንደቆጠሩ አልጻፉበትም።"

ወደ መደርደሪያው ተጠጉ። ከዚያ ብዕራቸውን አውጥተው በዘጠኙ ወረቀቶች ላይ "ከወር አበባ ጀምሮ" ብለው ጻፉ። ባዶውን ቦታ ሌላ አልተካንበትም።

በሳምንቱ መኪኖቹ አለፉ። ዘጠኙ አቃጨሉ፤ በመካከላቸው ያ ቀጭን ድምፅ ነበር። ስንጥቅ ክዳን ያለውን ጠርሙስ አጥቤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ሳጥን ውስጥ ቆልፌበት ነበር። ለማጣራት ብዬ ከዘጠኙም ሥር ካርቶን አነጠፍሁ፤ እርስ በርስ እንዳይነካኩም አራራቅኋቸው። መኪኖቹ ደግመው ሲያልፉ ዘጠኙ ዝም አሉ።

ቀጭኑ ድምፅ ግን እንደገና ተሰማ። መዝገቡን ገልጬ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍሁ። ምን እንደሰማሁ የሚጻፍበት ዓምድ አልነበረም።