ኤርሚንዳ ወንድሟን ይዛ ሳንቲያጎ የተመላለሰችባቸው ዓመታት

ኤርሚንዳ ያረጀችው በሳን አንቶኒዮ ወደብ ዓሣ እያጸዳች ስትሸጥ ነው። ደጉ ዘመንሽ የቱ ነው ቢሏት ግን የምትጠራው ሌላው ሰው ክፉ የሚለውን ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ላውታሮ «ሬዲዮው ስለ እኔ ያወራል» ማለት የጀመረበትን።

ልጁ ያኔ ገና ጺም ማብቀሉ ነበር። ትምህርቱን ተወ፣ ጓደኞቹን ሸሸ። አጎታቸው በዚያው ዕድሜ ለይቶለት ስለነበር እናታቸው እንቅልፍ አጣች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ዋና ከተማው ሳንቲያጎ ላከቻቸው። እዚያ ሐኪሞች ለአእምሮ ሕመም ይጋለጣሉ ብለው የሰጉላቸውን ወጣቶች አንጎል በየዓመቱ በማሽን እያነሡ ይከታተሉ ነበር። ለማነጻጸሪያ ጤነኛ እህት ወንድምም ይፈልጋሉ፤ ኤርሚንዳም ገባች።

ማሽኑ ውስጥ ተጋድማ ጩኸቱ ሲጀምር ልቧ ሊወጣ ደረሰ። ላውታሮ ከውጭ የእግሯን አውራ ጣት ይዞ እስኪያልቅ አለቀቃትም።

በሁለተኛው ዓመት ዶክተር ኢሪያርቴ ምስሉን አሳየቻቸው። «ይኸ ከጆሮው በላይ ያለው ክፍል ከአምናው ትንሽ ሳስቷል።»

«ሊያብድ ነው ማለት ነው?» አለች ኤርሚንዳ።

«አይደለም። በዚህ ዕድሜ የማንም አንጎል ይሳሳል፤ የእሱ ትንሽ ፈጠነ። እንዲህ ሆነው ምንም ያልነካቸው ብዙ ናቸው። ምስል ብቻ አይቼ ልነግርሽ አልችልም።»

«የእሷንስ አዩት ዶክተር?» አለ ላውታሮ። «እውነት አንጎል አላት እንዴ?»

«ዝም በል፣ አንተ ባለጌ!» አለችው እህቱ።

ሐኪሟ ሳትቀር ሳቀች። ከዚያ አውቶቡስ መናኸሪያው ጋ ስንዴና የደረቀ ኮክ የገባበትን ቀዝቃዛ መጠጥ ገዝተው፣ ኮኩን እየተሻሙ ጠጡ። ኤርሚንዳ ዛሬም ድረስ እንደዚያን ቀን የሳቀችበትን ጊዜ አታስታውስም።

በሚቀጥለው ክረምት ሕመሙ መጣ። ላውታሮ ሬዲዮውን ባሕር ውስጥ ወርውሮ፣ ልብሱ እንደ ራሰ ቤት ገባ።

«እታለም፣ ሐኪሞቹ ጋ ውሰጂኝ» አላት።

አጎታቸውን አራት ጎረምሳ አስሮ ነበር የወሰደው። ላውታሮ ግን ሐኪሞቹን ያውቃቸዋል፤ በራሱ እግር ገባ። ክረምቱን ተኝቶ ታከመ። መድኃኒቱ አወፈረው፣ ድምፆቹም ጨርሰው አልጠፉም፤ ግን ወጣ። ጥናቱም አለቀ፣ ጉዞውም ቀረ።

አሁን ጀልባ ይቀባል። እሑድ እሑድ እሷ ዘንድ ይበላል። ድምፆቹ በበረቱበት ቀን ዝም ሲል፣ ኤርሚንዳ የዚያን ዘመን ወሬ ታነሣለች።

«ያ የሳንቲያጎው አውቶቡስ ሹፌር ሲዘፍን ትዝ ይልሃል?»

ላውታሮ ሹካውን ያስቀምጣል።

«ሹፌሩ አይደለም። ረዳቱ ነው የሚዘፍነው።»

«ሹፌሩ ነው!»

«ረዳቱ ነው አልኩሽ፣ እታለም።»

ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ይከራከራሉ።