ጓሮዬ ውስጥ የቀበርኩት

የታሰርኩባትን ክፍል መጀመሪያ ያወቅኳት በእግሬ ነው። ገፍትረው ሲያስገቡኝ ጨለማው ውስጥ የሰው ሆድ ረገጥኩ።

የረገጥኳቸው ሰውዬ በጅቡቲ መንገድ ዲቾቶ ላይ ለሹፌሮች ሻይ ቤት የነበራቸው የወሎ ሰው ናቸው። «ምን አድርገህ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ቆሻሻ ቀብሬ።»

«ያ አላህ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

አዋሽ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ለጓሮ አትክልቴ ኮምፖስት፣ ማለት የብስባሽ ማዳበሪያ፣ ልጀምር ብዬ ጉድጓድ ቆፈርኩ። የቀኑ ሙቀት አያስቆፍርምና የቆፈርኩት አመሻሽ ላይ ነው፤ ፍየል እንዳይገባበትም በጆንያ ሸፍኜ እሾህ ደረብኩበት። አይቶ የጠቆመብኝ ሰው ምን እንዳሰበ የገባኝ፣ ወታደሮች መጥተው «መሣሪያውን አውጣ» እያሉ ጉድጓዱን በአካፋ ሲገለብጡት ነው።

በማግስቱ መርማሪው ከጉድጓዱ ከተዛቀው ጥቂቱን በጆንያ አስመጥቶ ጠበቀኝ።

«ከታች ምን አደረግህ?»

«ደረቅ ቅጠልና ጭድ።»

«ከላዩስ?»

«የሽንኩርት ልጣጭ፣ የፍየል በጠጥ፣ ትንሽ አመድ፣ አፈር። በየመሐሉ ውሃ።»

«ጠመንጃውስ?»

ጥፊው ከየት እንደመጣ አላየሁም። አባቴ እንኳን ፊቴን መትቶኝ አያውቅም። ከሕመሙ ይልቅ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ስመለስ ሰውዬው ጉንጬን አይተው ሳቃቸውን ተዉ። «ጠመንጃ ነበር፣ ሸጥኩት በላቸው። ዱላው ይቀርልሃል።»

«ከዚያስ፣ ለማን ሸጥክ ሲሉኝስ፣ አባባ?»

ፈቀቅ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

እንደገና ስጠራ መርማሪው ጆንያውን እግሬ ሥር ዘረገፈው። «አሁንስ ምን ትላለህ?»

አጎንብሼ እጄን ከተትኩበት። ጆንያ ውስጥ ሆኖም ይሞቃል። እየተብላላ ነው፤ በሕይወት አለ ማለት ነው።

«ገና አልበሰለም» አልኩት። «የቀበርኩት ይሄንኑ ነው።»

መታኝ። ቃሌን አልለወጥኩም። ከመውጣቴ በፊት ተንበርክኬ የተዘረገፈውን እየዘገንኩ ወደ ጆንያው መለስኩት። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አልከለከለኝም።

ሲለቁኝ ምክንያት አልነገሩኝም። ኮምፖስት መገላበጥ ይወዳል፤ ወታደሮቹ ገልብጠው የተዉትን ሚስቴ መልሳ ሸፍናው፣ ውሃ ስታጠጣው ከርማ፣ ጥቁር አፈር ሆኖ ጠበቀኝ። ፓፓያ ተከልንበት።

ዛሬም የምቆፍረው አመሻሽ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ያው ነው። አካፋዬን ከማንሳቴ በፊት ግን በአጥሩ በኩል ጎረቤቴን እጠራዋለሁ። «ና እይ፣ ቅጠልና ልጣጭ ነው።»

«ኧረ አንተ ሰው፣ መቼ ነው ይሄን ነገር የምትተወው?» ይለኛል።

እኔም እንጃ። መጥቶ እስኪያይ ድረስ ግን አልቆፍርም።